ናቅፋ ለምን አልተያዘችም? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ አዘዞ ጦር ሰፈር ስጽፍ "ከጎንደር ተነስተው ቀይ ኮከብ ዘመቻ የሄዱ ልጆች" ብዬ በአንዲት መስመር ነክቼ አልፌ ነበር፣ ከዛ ስለ አዘዞ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም የጻፈው ስለዛች አንዲት መስመር ነው። በቴሌግራምም በወረቀትም የመጣው ብዙ ስለሆነ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው። ስለ አሁኑ ጊዜ የጠየቃችሁኝም አላችሁ፣ እሱን እዚህ ገጽ ላይ አልነካውም፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ቀይ ኮከብ የልማት ዘመቻ ነበር ይላል፣ አንዱ ጦርነት ነው ይላል፣ ኮሜንት ላይ ደግሞ ይሰዳደባሉ። ከቀይ ሽብር ጋር አንድ ነው የሚሉም አሉ። እባክዎ ቀለል አርገው ያስረዱኝ።

መልስ፦ ከቀይ ሽብር ጋር አንድ አይደለም የኔ ልጅ፣ "ቀይ" የሚለው ነው ያምታታቸው። ቀይ ሽብር ከተማ ውስጥ የተደረገ ግድያ ነው፣ በተለይ 1969ና 1970፣ ጎንደር ውስጥ ያላለቀሰ ቤት አልነበረም። ቀይ ኮከብ ግን 1974 ኤርትራ ውስጥ ሻቢያ በያዘው መሬት ላይ የተከፈተ ዘመቻ ነው፣ ሙሉ ስሙም "የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ" ነው።

ልማትም ጦርነትም ነበር የሚሉሽ ሁለቱም አልዋሹም። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ነው የነበረው፣ ሻቢያን ሳህል ተራሮች ላይ ማጥፋት፣ የተዘጉና የፈራረሱ ፋብሪካዎችን መንገዶችን ትምህርት ቤቶችን ማስነሳት፣ እና ሕዝቡን በስብሰባና በቅስቀሳ ወደ መንግሥት መመለስ። ጥር 1974 ሊቀመንበር መንግሥቱ ራሳቸው አስመራ ገብተው ከፈቱት፣ ሚኒስትሮቹንም ይዘው ስለሄዱ ለተወሰነ ጊዜ አገሪቱ ከአስመራ ነው የምትመራው የሚባልበት ሁኔታ ነበር። አንዳንድ ፋብሪካም ተጠግኗል፣ መንገድም ተሠርቷል፣ እሱን መካድ አያስፈልግም። ግን የካቲት ላይ ተኩሱ ሲከፈት ጉልበቱም ገንዘቡም ሰውም ወደ አንድ ቦታ ነው የፈሰሰው፣ ሳህል ተራሮች ውስጥ ሻቢያ ወደመሸገባት ትንሽ ከተማ፣ ወደ ናቅፋ። "ሁለገብ" የተባለው ነገር ከመጋቢት በኋላ በሬድዮ ካልሆነ በቀር ብዙም አልታየም።

ወደኋላ ትንሽ ልመልስሽ፣ አለዚያ አይገባሽም። ኤርትራ ውስጥ የመጀመሪያው ተኩስ የተተኮሰው ነሐሴ 1953 ነው፣ ከሻቢያ በፊት በነበረው የኤርትራ አማፂ ድርጅት፣ በጀብሃ። በዓመቱ ኅዳር 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰና ነገሩ ተባባሰ። ሻቢያ ከጀብሃ ተገንጥሎ ወጣ፣ ደርግ በመጣ በሦስተኛው ዓመት 1969 መጨረሻ ላይ አማፂዎቹ አስመራን ምፅዋን አሰብንና ጥቂት ከተሞችን ብቻ ሲቀሩ ኤርትራን ጨርሰው ይዘው ነበር፣ ከረንንም ጭምር። ናቅፋ የተያዘችው ከዛ ትንሽ ቀደም ብሎ መጋቢት 1969 ነው። ሠራዊቱ ደግሞ ያኔ ኦጋዴን ላይ ከሶማሊያ ጋር ተናንቆ ነበር። የካቲት 1970 ካራማራ ላይ ያ ጦርነት ሲያበቃ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ፣ ኅዳር 1971 ከረንን መለሰ፣ ሻቢያም ከተሞቹን ለቆ ወደ ሳህል ተራራ ወጣና ናቅፋ ላይ ቆፈረ። ከዛ በኋላ እስከ 1974 ድረስ ሠራዊቱ ደጋግሞ ሞከራት፣ አልሆነም። ለዚህ ነው ሻቢያዎች ቀይ ኮከብን "ስድስተኛው ወረራ" የሚሉት፣ ለነሱ የመጀመሪያ አይደለም፣ ለኛ ግን የመጀመሪያ ተደርጎ ነው የተነገረን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ፒያሳ አካባቢ ነው የምሠራው። አባቴ ዘማች ነበር፣ ሲያወራ "መቶ ሺህ ሰው፣ ሚግ፣ ታንክ፣ መድፍ ይዘን አንዲት የገጠር ከተማ አቃተን" ይልና ዝም ይላል፣ ከዛ በኋላ ብትጠይቀው አይመልስም። እኔ የሚገባኝ ወይ ተሸጧል ወይ ወኔ ጠፍቷል። እስኪ ማን ሸጠው? እንደው በሞቴ ሳትሸፋፍን ንገረኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርህ፣ ማንም አልሸጠውም፣ ወኔም አልጠፋም። እኛ ጎንደሬዎች ጦርነት ሲነሳ ሁሉን ነገር በወኔ ነው የምንመዝነው፣ ፉከራውም ሽለላውም አለብን፣ ስለዚህ ሽንፈት ሲመጣ ወይ ፈሪ ወይ ባንዳ መፈለግ ይቀለናል። አባትህ ዝም የሚለው ግን ሌላ ነገር ስላየ ይመስለኛል።

መጀመሪያ መሬቱን አስበው። ናቅፋ ከከረን በላይ ከአፍአበትም አልፎ ሳህል ውስጥ ነው ያለችው፣ ወደሷ የሚያስገባው መንገድ በሸለቆ ሄዶ ሄዶ ተራራ ሥር ያደርስሃል፣ ደንደን የሚባለው ተራራና ጎረቤቶቹ ደግሞ ከላይ ናቸው። ከፋሲል ግንብ ተነስተህ ጎሃ ሆቴል ድረስ በእግርህ ውጣ እስኪ፣ ባዶ እጅህን፣ በጠዋት፣ ማንም ሳይተኩስብህ፣ ልብህ የት እንደሚደርስ ታየዋለህ። እነሱ እንደዛ ያለውን ዳገት ብዙ እጥፍ አድርገህ፣ ዛፍ የሌለው፣ ውሃ የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ፣ ጥይትና ኮዳና ኮቾሮ ተሸክመው፣ የፈንጂ ወረዳ እየረገጡ ነው የወጡት፣ ከላይ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ሲቆፍር የኖረ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ፈልጦ ምሽግ የሠራ ሰው ጋ ነው የሄዱት። ምሽጉ በግንድና በድንጋይ የተሸፈነ ነው፣ የሚግ ቦምብ ቢወርድበት ያናውጠዋል እንጂ ሁሉን አይጨርሰውም፣ ታንኩ ደግሞ ዳገቱን አይወጣም፣ ቢኤሙ፣ ሮኬት ተኳሹ፣ ተራራውን ያቃጥለዋል፣ ተራራው ግን ተራራ ነው። አባትህ የዘረዘረልህ መሣሪያ ሁሉ ኦጋዴን ሜዳ ላይ የሠራ ነው፣ ሳህል ላይ ግማሹ ሥራ ፈት ሆነ።

ሁለተኛው፣ በሦስት አቅጣጫ ነው የገቡት። ናደው እዝ ፊት ለፊት ናቅፋ ላይ፣ ውቃው እዝ ከባሕሩ ወገን በሰሜን ምሥራቅ ሳህል፣ መብረቅ እዝ በምዕራብ በኩል። ሐሳቡ ከጎንና ከጎን ገብቶ ወደ ሱዳን የሚወስደውን የሻቢያን ጀርባ መቁረጥ ነበር፣ ሐሳቡ በካርታ ላይ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ሦስቱ እዞች በመካከላቸው ተራራ ስላለ አንዱ አንዱን መርዳት አይችልም፣ ከናደው ወደ ውቃው ጦር ለማዛወር በአስመራ ዞሮ መምጣት ሊኖርብህ ነው፣ ሻቢያ ግን መሀል ላይ ስላለ ዛሬ ናቅፋ ላይ የተዋጋውን ብርጌድ በማታ አስኪዶ ነገ ሌላኛው ግንባር ላይ ያስቀምጠዋል። በቁጥር በብዙ ያነሰው ወገን ተኩስ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያን ያህል አያንስም ነበር። በዛ ላይ ወያኔ የራሱን ተዋጊዎች ልኮለት ሳህል ላይ አብረው ተሰልፈዋል፣ በዋዜማው ደግሞ 1973 ላይ ሁለቱ ሆነው ጀብሃን ወደ ሱዳን አስወጥተውት ስለነበር ሻቢያ ከጀርባው የሚሰጋው የኤርትራ ድርጅት አልነበረውም። መንግሥት "ተከፋፍለዋል" ብሎ ሲያስብ ጭራሽ አንድ ሆነው ነው የጠበቁት።

ሦስተኛው ጩኸቱ ነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፣ ጦርነት ልትከፍት ነው፣ ከወራት በፊት በሬድዮ በጋዜጣ በሰልፍ በመዝሙር "መጣንላችሁ" ትላለህ? ስብሰባ ተጠራ፣ እንግዳ ተጠራ፣ አርቲስት ሄደ፣ ጋዜጠኛ ሄደ። ሻቢያ ሰላይ ሳያስፈልገው ከኢትዮጵያ ሬድዮ ሰምቶ ተዘጋጀ። በሚቀጥለው ዓመት 1975 ላይ ያለ ምንም ጩኸት በዝምታ ሌላ ማጥቃት ተሞክሮ ነበር፣ እሱም አልተሳካም፣ ስለዚህ ጩኸቱ ብቻ ነው ያበላሸው አልልም። ግን ጩኸቱ ሌላ ጉዳት አለው፣ በይፋ "እንጨርሳለን" ያለ መንግሥት ማቆም አይችልም። አንድ ቦታ ላይ አልሄድ ሲል "እንመለስ፣ ሌላ መንገድ እንፈልግ" ማለት ሽንፈት ማመን ይሆንበታል፣ ስለዚህ ያንኑ ዳገት ያንኑ ጦር እንደገና ያዘዋል፣ እንደገና፣ እንደገና።

እና አራተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው፣ "አይሆንም" የሚል ሰው እንዳይኖር ተደርጎ ነው ሠራዊቱ የተሠራው። አንድ ክፍለ ጦር ላይ ሦስት አለቃ አለ፣ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ፣ እና የደኅንነቱ ሰው፣ ሦስቱም በየራሳቸው መስመር ነው ወደ ላይ የሚያወሩት። አዛዡ ወታደር ነው፣ ዳገቱን አይቷል፣ የቀረውን ሰው ቆጥሯል፣ "በዚህ በኩል አይወጣም" ማለት ይፈልጋል። ግን ይህን ካለ ኮሚሳሩ "ወኔው ቀዝቅዟል" ብሎ ይጽፍበታል፣ የደኅንነቱ ሰው ደግሞ "ከማን ጋ ይገናኛል" ብሎ ይጽፍበታል። ስለዚህ ምን ያደርጋል፣ ያዝዛል። ልጁ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ማታ ሪፖርቱ "ጠላት ላይ ከባድ ኪሳራ ደርሷል" ይላል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ያን አንብቦ "እንግዲያው ትንሽ ነው የቀረው" ይላል፣ ሌላ ብርጌድ ይልካል። እንደዚህ እያለ እስከ ክረምቱ ዳርቻ ሄደና ሰኔ አካባቢ ቆመ። ናቅፋ ከላይ ናት፣ እነሱ ከታች ናቸው።

ስለ ወኔ ካነሳህ ደግሞ፣ አንዳንድ ቦታ የኛ ልጆች ከተራራው ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር፣ በመልሶ ማጥቃት ነው የወረዱት፣ ምሽጎቹም አንዳንድ ቦታ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ መሰዳደብም ሲጋራ መጠያየቅም እንደነበረ ከሁለቱም ወገን የነበሩ ሰዎች ይናገራሉ። ፈሪ ሰው እዛ አይደርስም።

አንድ ነገር ጣል ላርግና ልለፍ። የኛ ልጅ ብቻ አይደለም ያለቀው። ናቅፋ ከተማ የምትባለው ከቦምቡ ብዛት ከመስጊዱ ሚናራ በቀር ቆሞ የቀረ ነገር አልነበራትም ማለት ይቻላል፣ የሳህል እረኛና ገበሬ ቀን አውሮፕላን ፈርቶ ማታ ነበር የሚያርሰው፣ ናፓልምም ወርዶባቸዋል፣ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሱዳን ገብቷል። "ሕዝቡን ወደ መንግሥት መመለስ" የሚለው የዘመቻው ሦስተኛ ዓላማ እዛው ነው የተቀበረው፣ ቀን ፋብሪካ እጠግንልሃለሁ የሚልህን መንግሥት በዛው ቀን ከብትህን በሚግ ሲያቃጥልብህ እንዴት ታምነዋለህ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ የናደው ሰው ነበርኩ፣ ዛሬ እዚሁ ጎንደር በጡረታ ነው ያለሁት። እኛ ናቅፋ ሥር ስንት ዓመት ጠብቀን ከቆየን በኋላ አፍአበት ላይ በሦስት ቀን የፈረስነው ለምንድነው? ወጣቶቹ ናደው ፈሪ ነበር ሲሉ እሰማለሁ፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጋሽዬ፣ እኔ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው የሚሆንብኝ፣ ግን ወጣቶቹ እንዲያነቡት ብዬ የማውቀውን ልጻፍ፣ እርስዎ የጎደለውን ይሙሉልኝ።

ናደው የፈረሰው መጋቢት 1980 ነው፣ ከስምንት እስከ አሥር ባለው ቀን። ግን ከዛ ስድስት ዓመት በፊት ነው መፈረስ የጀመረው ብዬ ነው የማምነው፣ ቀይ ኮከብ ሳይሳካ ሲቀር። ምክንያቱም ከ1974 በኋላ መንግሥት ናቅፋን አልያዘም፣ አልተዋትም። ያን ሁሉ ጦር እዛው ተራራ ሥር ምሽግ አስቆፍሮ አስቀመጠው። ማጥቃቱ አለቀና ጠባቂ ሆነ፣ የሚጠብቀው ደግሞ አንድ መንገድ ነው፣ ስንቁ ውሃው ጥይቱ ቁስለኛው ሁሉ በአፍአበትና በከረን መካከል ባለው አንድ መንገድ ነው የሚመላለሰው። መጋቢት 1976 ውቃው እዝ በባሕሩ ወገን ሲመታ የናደው ቀኝ ጎን ባዶ ሆነ። 1977 ክረምት በምዕራብ ኤርትራ ያለችውን ባሬንቱን ሻቢያ ያዛት፣ ነሐሴ ላይ ሠራዊቱ መለሳት፣ ጥቅምት 1978 ደግሞ "ባሕረ ነጋሽ" የሚባለው ዘመቻ እንደገና ናቅፋ ላይ ተሞከረ፣ ያውም ብዙ ሰው ከፈለ፣ ያውም አልሆነም። በመሀል 1975 ላይ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና ከመደበኛውና ከሚሊሺያው ጋ ከየቀበሌው የመጣ ልጅ መቀላቀል ጀመረ፣ እርስዎ ያስታውሱታል፣ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሳህል የገባ ልጅ። እናቱ ጎረቤት ቤት ደብቃው የነበረች ልጅ።

ከዛ የካቲት 1980 ላይ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። ሠራዊቱ የሚያውቃቸው የሚወዳቸው ሰው ነበሩ ነው የሚባለው፣ ይሄን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከሳምንታት በኋላ ሻቢያ በሦስት አቅጣጫ መጣ። አስቡት፣ አዛዡን የራሱ መንግሥት ገድሎበት፣ ሌሎቹ አዛዦች "ነገ የኔ ተራ ነው" እያሉ፣ ያ ጦር ምን እንዲሆን ነው የሚጠበቀው? ወደ ከረን ሊያፈገፍግ የወጣው የታንክና የመኪና ሰልፍ አድ ሽሩም የምትባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋበት፣ ከፊትም ከኋላም መንቀሳቀስ አልቻለም፣ ከዛ መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች መጥተው ደበደቡት። ከነዛ መኪኖች ውስጥና ሥር ሰው እንደነበረ እርስዎ አይጠፋዎትም። ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም አፍአበት ላይ ተማርከዋል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው፣ ናደውን ፈሪ የምትሉ ልጆች፣ እናንተ ቲክቶክ ላይ ናችሁ፣ እሱ ስድስት ዓመት ድንጋይ ላይ ነበር፣ ተዉ።

ጋሽዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ በድምፅም ቢሆን የሚያስታውሱትን ይላኩልኝ፣ በተለይ ከ1975 እስከ 1979 ያለው የምሽግ ኑሮ፣ ውሃ እንዴት ይመጣ ነበር፣ ደብዳቤ በስንት ጊዜ ይደርስ ነበር፣ እንደዛ ያለውን። ስለ ውጊያው የተጻፈ አለ፣ ስለ ኑሮው ነው የሌለው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ወንድሜ በቀይ ኮከብ ጊዜ ዘምቶ ከአስመራ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፣ ከዛ በኋላ የለም። መርዶም አልመጣ፣ ደሞዙም ተቋረጠ፣ የሚመለከተው ቢሮ ሄደን ብንጠይቅ "ዝርዝር ላይ የለም" ተባልን። እናታችን "ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ ተዝካር አላወጣም" እንዳለች አረፈች። አሁን እኔም እያረጀሁ ነው። ተማርኮ ሊሆን ይችላል የሚሉኝ አሉ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ነበር እንዴ? ወዴትስ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ነበር፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበር። ሻቢያ ሳህል ውስጥ ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ ወታደር በምርኮ ይዞ ነበር፣ ብዙዎቹ ዓመታት ነው የቆዩት። የኛ መንግሥት ግን ምርኮኛ አለኝ ብሎ አያውቅም፣ ምክንያቱም ምርኮኛ አለ ካልክ ወዲያ ማዶ ያለው ወንበዴ ሳይሆን ተዋጊ ጦር ነው ማለት ሊሆንብህ ነው። በዛ የተነሳ የተማረከው ልጅ በመንግሥት መዝገብ ከሞተውም ጋ የለም በሕይወት ካለውም ጋ የለም፣ "ዝርዝር ላይ የለም" ያሏችሁ እንደዛ ሊሆን ይችላል። ሻቢያ በተለያየ ጊዜ ምርኮኞችን ለቋል፣ ሱዳን የገቡ አሉ፣ ወደ አገር ለመመለስ የፈሩም አሉ፣ ምክንያቱም የተለቀቀ ምርኮኛ እዚህ ሲመጣ "ምን ብለው ላኩህ" ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ከዛም ግንቦት 1983 አስመራ ስትያዝ ከረን አካባቢ የነበረው ብዙ ሺህ ወታደር በእግሩ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ገብቷል፣ በትግራይ በኩል በእግሩ የመጣም አለ። በዛ መሀል በመንገድ የቀረው ስንቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ተስፋ ልሰጥሽ አይደለም ይሄን የምጽፈው፣ የቀይ ኮከብ ጊዜ ብዙ ሰው ያለቀበትና ሬሳ ያልተነሳበት ዘመቻ ነው፣ አንድ ደብዳቤ ጽፎ የጠፋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ተራራ ላይ ነው የቀረው። ግን መጠየቅ መብትሽ ነው። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚፈልግ አገልግሎት አለው፣ ሄደሽ ስሙን እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታውን፣ የዘመተበትን ጊዜ አስመዝግቢ። ያችን ደብዳቤ ይዘሻት ሂጂ፣ ኦሪጅናሉን ግን አትስጪ፣ ኮፒ አርጊው፣ ፖስታው ላይ ወይ ራስጌው ላይ የክፍሉ ቁጥር ካለ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ከሱ ጋ የዘመተ የሰፈር ልጅ ካለ አሁኑኑ ፈልጊው፣ እነሱም እያለቁ ነው። የክፍሉ ቁጥር ከተገኘ ላኪልኝና እዚህ አምድ ላይ ስሙን ሳልጠቅስ "በዚህ ክፍል የነበራችሁ" ብዬ አወጣዋለሁ፣ ከላይ የጻፉልን አባት ዓይነት ሰዎች ያነቡናል።

ስለ ተዝካሩ የጠየቅሽኝ አይደለም፣ ግን ከጻፍሽው ውስጥ አለ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እንጂ የጋዜጠኛ ነገር አይደለም። ሬሳ ሳያዩ ጸሎተ ፍትሐት ያስደረጉ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ከተማ እንዳሉ ግን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ራሷ በዛን ዘመን ተወጋች እንዴ ወይስ ልጅ መላክ ብቻ ነው የነበረባት?

መልስ፦ ተወግታለች። 1969 ላይ ኢዲዩ፣ ማለት ደርግን የሚወጋው የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት፣ እነ ራስ መንገሻ ስዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ የሚመሩት፣ ከሱዳን ተነስቶ መተማንና ሁመራን ይዞ ወደ ጎንደር ተጠግቶ ነበር፣ ሠራዊቱና ሚሊሺያው መለሰው። ልጅ መላክ ያልከው ደግሞ ከቀይ ኮከብም በፊት የጀመረ ነው፣ 1968 ላይ "ራዛ" በሚባል ዘመቻ ከጎንደርም ከወሎም ገበሬ እየተሰበሰበ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ፣ መሬት ታገኛለህ ተብሎ፣ ወደ ኤርትራ ተልኮ ዛላምበሳ ላይ ነው የተበተነው፣ ከዛም ትምህርት የወሰደ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በመጨረሻ የካቲት 1983 ኢሕአዴግ "ዘመቻ ቴዎድሮስ" ብሎ ሲነሳ ጎንደርም ጎጃምም በሳምንታት ውስጥ ከደርግ እጅ ወጡ። ናቅፋ ላይ ለዓመታት የቆመው ዓይነት ጦር እዚህ ሊገኝ አልቻለም፣ የት ይገኛል፣ ግማሹ ሳህል ላይ አልቋል፣ ግማሹ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ተደምስሷል፣ ጄኔራሎቹን ደግሞ ግንቦት 1981 በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሰበብ መንግሥት ራሱ ጨርሷቸዋል። ራዛ ሰፊ ነገር ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ የኤርትራ ብር ናቅፋ የሚባለው ከዚች ከተማ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከዚችው ነው። 1990 ላይ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያወጡ ስሟን ሰጡት፣ እስከዛ ድረስ የሚጠቀሙት የኛን ብር ነበር። ከግማሽ ዓመት በኋላ ግንቦት 1990 የድንበሩ ጦርነት ተጀመረ፣ የገንዘቡ ጭቅጭቅም ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይነሳል።